የጭስ ተመራማሪው ስንት ጊዜ ተጠቀሱ?

ጓደኛዬ የኅብረተሰብ ጤና መምህርት ናት። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻ ስታዘጋጅ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አብሬያት ቁጭ አልኩ። የሚጠየቀው ቀላል ይመስላል፤ ስንት ጽሑፍ አሳተምሽ፣ ስንት ጊዜ ተጠቀስሽ። ጉግል ስኮላር በሚባለው የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ ስሟን ስንፈልግ አራት ሰው ወጣ። አራቱም እሷው ናት።

ስሟ በ«ፀ» ይጀምራል። በፈረንጅ ፊደል አንዱ ጽሑፍ ላይ «ቲ» እና «ኤስ» ተደርጎ፣ ሌላው ላይ በ«ኤስ» ብቻ ተጽፏል። የአባቷ ስም ውስጥ «ገብረ» አለ። እሱም አንዴ ተያይዞ፣ አንዴ ተለያይቶ፣ አንዴ ደግሞ እኛ እንደለመድነው በአንድ ፊደልና በእዝባር አጥሮ ገብቷል። የዓለም የምርምር ቋቶች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም አለን፣ ከዚያ የአባት ስም ይከተላል። ስለዚህ ሲስተሙ የአባቷን ስም ዋና ስም አድርጎ ይይዝና የእሷን ስም ወደ አንድ ፊደል ያሳጥረዋል። ያጠናችው እሷ፣ የሚጠቀሱት አባቷ።

አባቷ በሕይወት የሉም። ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬ ነበሩ። ስማቸው ግን ስለ ሕፃናት የሳንባ ምች የሚያወራ ጆርናል ውስጥ፣ በሌላ አገር ተመራማሪ ጽሑፍ ግርጌ ተቀምጧል። ይሄን ስታይ ትንሽ ዝም አለች። ደስ ብሏታል መሰለኝ።

ለማመልከቻው ግን ችግር ነው። ጥቅሶቿ አራት ቦታ ተበታትነዋል፣ ከነሱ ውስጥ ግማሹ ደግሞ የአባቱ ስም ከአባቷ ስም ጋር ከገጠመ ሌላ ሰው ጋር ተደባልቋል። ከዚህ የወጣውን ቁጥር ይዞ አንድ ኮሚቴ ይቀመጥና ይቺ ሴት ጥሩ ተመራማሪ ናት ወይስ አይደለችም ብሎ ይወስናል።

መጠቀስ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልበል። ተመራማሪ ሲጽፍ «ከዚህ በፊት እነ እገሌ እንዲህ አግኝተዋል» እያለ የሰው ሥራ ይጠቅሳል። ያ ጥቅስ ይቆጠራል። ሐሳቡን ያቀረቡት ዩጂን ጋርፊልድ የተባሉ አሜሪካዊ ናቸው፤ በ1955 (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። በ1964 ደግሞ ትልቁን የጥቅስ ማውጫ ማሳተም ጀመሩ። ዋናው ዓላማ ጽሑፍን ከጽሑፍ አያይዞ ፍለጋን ማቅለል ነበር። በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ኤች-ኢንዴክስን አመጡ። ኤች-ኢንዴክስሽ 20 ነው ማለት፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉሽ ማለት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ቅጥሩም፣ ዕድገቱም፣ የምርምር ገንዘቡም በብዙ አገር እዚች ቁጥር ላይ ተንጠለጠለ።

ቁጥሯ ምን እንደምታሳይና ምን እንደምትደብቅ ለማየት አንድ ሰው ልምረጥ። የጓደኛዬ ጥናት ስለ ማድ ቤት ጭስ ስለሆነ የዘርፉን አባት ልውሰድ፤ ፕሮፌሰር ኪርክ ስሚዝን። በሰኔ 2020 እስኪያርፉ ድረስ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ሐኪም አልነበሩም፣ የአካባቢ ጤና ሰው ናቸው። ግን በእንጨትና በኩበት የምታበስል እናት ሳንባ ውስጥ ምን እንደሚገባ ዓለም እንዲያውቅ ካደረጉት ሰዎች መካከል ከእሳቸው በላይ የደከመ ማን እንዳለ አላውቅም።

የጀመሩት በ1980ዎቹ መግቢያ ላይ ነው። ሕንድ፣ ጉጃራት ውስጥ፣ የገጠር ሴቶች ሲያበስሉ የሚተነፍሱትን አየር ለኩ። ያን ጊዜ ስለ ምድጃ የሚወራው በአብዛኛው ከደን ጋር ተያይዞ ነበር፤ ማገዶ ደኑን ጨረሰ፣ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ይሠራ፣ ይባላል። እሳቱ ላይ ያጎነበሰችውን ሴት የሚለካ ሰው ከስንት አንድ ነው። ጥናቱ በ1983 ታተመ። ያገኙት የጭስ መጠን በጣም ከፍተኛ ነበር፤ የአየር ብክለት ሲባል ፋብሪካና መኪና ብቻ ለሚታየው ሰው የሚታመን አይመስልም።

እዚህ ላይ ስለ ጥቅስ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማንም ያልገባበት ሜዳ ላይ የመጀመሪያው ሰው ስትሆን የሚጠቅስህ የለም። ጠቃሽ የሚባለው በኋላ በዚያው መስክ የሚጽፍ ሰው ነውና። የልብ ወይም የካንሰር ተመራማሪ ብትሆን በሺህ የሚቆጠር ባልደረባ በየወሩ ያወጣል፣ ይጠቅስሃል። ስለ ማድ ቤት ጭስ ግን በ1983 ማን ይጽፍ ነበር? ያኔ አንድ ኮሚቴ የጥቅስ ቁጥራቸውን አይቶ ቢፈርድ ኖሮ «ይሄ ሰውዬ በማያዋጣ ነገር ጊዜውን ያጠፋል» ማለቱ አይቀርም ነበር።

ፕሮፌሰሩ ደጋግመው ያስረዱት የነበረ አንድ ስሌት አለ፤ እኔ ከሥራቸው ሁሉ እሱን ነው የምወደው። አንድ ግራም ጭስ ከረጅም የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ቢወጣ ነፋስ ይበትነዋል፣ ሰው ሳንባ ውስጥ የሚገባው ኢምንት ነው። ያው አንድ ግራም ቤት ውስጥ ቢወጣ የመተንፈስ ዕድሉ በግምት ሺህ እጥፍ ይሆናል። ይሄን ለመረዳት እኛ አገር ቀመር አያስፈልግም። እንጀራ የሚጋገርበት ማድ ቤት መግባት ይበቃል። ጭራሮው እርጥብ ከሆነ መጀመሪያ እሳት የለም፣ ጭስ ብቻ ነው። እናት ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች፣ ፊቷ ከጉልቻው አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ምጣዱ ይግላል፣ ታሰሰዋለች፣ ሊጡን ታዞራለች፣ አክንባሎውን ትከድናለች፣ እንደገና ቅጠል ትጨምራለች። እንደገና ጭስ። አርባ እንጀራ እስኪያልቅ እንዲህ ነው። ልጅ ካላት ደግሞ ጀርባዋ ላይ ታዝሏል፤ እሷ የምትተነፍሰውን እሱም ይተነፍሳል። በአገራችን ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ እና ከዚያ በላይ አሁንም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ነው።

ከዚያ ጓቲማላ መጣ። ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቻቸው ሳን ማርኮስ በሚባለው ደጋ አካባቢ 534 ቤተሰቦችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሹ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ወዲያው ተሠራለት፣ ግማሹ ጥናቱ እስኪያልቅ በክፍት እሳት ቀጠለ። ከ2002 እስከ 2004 መጨረሻ ድረስ ሕፃናቱን ቤት ለቤት እየሄዱ ተከታተሉ፣ የታመመውን ሐኪም አየው። በጭስና በሳንባ ምች ዙሪያ እንዲህ በዕጣ ተከፍሎ የተሠራ ጥናት ከዚያ በፊት አልነበረም። ውጤቱ የታተመው በ2011 ላንሴት በሚባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ነው። ቤተሰቦቹ ጋር ከተሄደ ዘጠኝ ዓመት አልፎ ማለት ነው! ዛሬ በዓመት ስንት አወጣህ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ይሄን ያህል የሚጠብቅበት ትዕግሥት ቢኖረውም የሚጠብቀው ቀጣሪ አያገኝም።

ውጤቱስ? ምድጃው ሕፃናቱ የሚተነፍሱትን ጭስ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ሐኪም ያረጋገጠው የሳንባ ምች ግን እርግጠኛ ሊያስብል በሚችል መጠን አልቀነሰም። ከባዱ፣ ኦክስጅን የሚያሳጣው የሳንባ ምች ግን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ። ሁለቱንም ጻፉት። ያልተሳካውን አልደበቁትም።

አሁን ጥቅሱን ተመልከቱ። ይሄን ጽሑፍ አንዱ «ምድጃ ሕፃናትን ያድናል» ለማለት ይጠቅሰዋል። ሌላው «ምድጃ የሳንባ ምችን አልቀነሰም» ለማለት ይጠቅሰዋል። ሦስተኛው ሳያነበው ከሌላ ሰው መግቢያ ላይ ገልብጦ ይጠቅሰዋል። ቆጣሪው ሦስቱንም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ይደምራል።

ታሪኩ እዚያም አላበቃም። ማላዊ ውስጥ ከአሥር ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተ ጥናት ተሠራ፤ በ2016 መጨረሻ ውጤቱ ሲወጣ የተሻሻለው ምድጃ የሳንባ ምችን አልቀነሰም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያም የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ በዕጣ ተከፋፍሎ ተሞከረ፤ በሕፃናት የመተንፈሻ አካል ሕመም ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ከዚያ ደግሞ በሕንድ፣ በሩዋንዳ፣ በፔሩና በጓቲማላ 3,200 ነፍሰ ጡሮችን ይዞ በሲሊንደር ጋዝ የተሠራው ትልቁ ጥናት መጣ። እዚያ ጭሱ በጣም ቀንሷል። በ2022 የወጣው ውጤት በልደት ክብደት ላይ፣ በ2024 የወጣው ደግሞ በከባድ የሳንባ ምች ላይ ልዩነት እንደሌለ አሳየ።

ይሄ ማለት ጭስ አይጎዳም ማለት አይደለም፣ በፍጹም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ የተነሳ በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል፤ አብዛኛው በልብ፣ በስትሮክ፣ በሳንባ ሕመም ነው፣ ሕፃናቱም እዚያ ውስጥ አሉ። ነገሩ የሚያሳየው ጭሱን ከአንድ ቤት ማውጣት ብቻ ላይበቃ እንደሚችል ነው። የጎረቤት ጭስ አለ። የሚቃጠል ቆሻሻ አለ። የምግብ እጥረት አለ። እነዚህ ሁሉ ያልጠበቅነውን የነገሩን ጥናቶች ናቸው፣ ወርቅ ናቸው። ለዕድገት በሚቆጠረው ቁጥር ውስጥ ግን «አልሠራም» ብሎ በእውነት የጻፈ ሰው ምንም የተለየ ነጥብ የለውም።

ስለ ፕሮፌሰር ስሚዝ አንድ ሌላ ነገር። ሐሳባቸውን ቀይረዋል። ለብዙ ዓመት የእንጨት ምድጃን ማሻሻል ላይ ሠሩ። በኋላ ግን ቁጥሩን አዩና፣ የእንጨት ምድጃ የቱንም ያህል ቢሻሻል ሳንባን ለመጠበቅ አይበቃም፣ ድሃውም እንደ ሀብታሙ ጋዝና ኤሌክትሪክ ማግኘት አለበት ወደሚል ሄዱ። በዚህ የተነሳ ከአካባቢ ጥበቃ ወዳጆቻቸው ጋር ሳይቀር ተከራክረዋል፣ ጋዝ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነዳጅ ነውና። ሕንድ በግንቦት 2016 ለድሃ ቤተሰቦች የሲሊንደር ጋዝ የሚያስገባውን ትልቁን ፕሮግራም ስትጀምር የእሳቸው ክርክር ከጀርባው ከነበሩት አንዱ ነው። በ2019 መስከረም 80 ሚሊዮን ቤተሰብ ደረሰ። ሲሊንደሩን መልሶ ለማስሞላት ግን አቅም ያጠረው ብዙ ነው፤ ያም እውነት ነው፣ መባል አለበት።

ታዲያ የጥቅስ መዝገባቸው ላይ ይሄ የሐሳብ ለውጥ የት ይታያል? አይታይም። የድሮው ጽሑፍም የአዲሱም እኩል ይቆጠራል። እንዲያውም ስማቸው ካለባቸው ጽሑፎች እጅግ ከተጠቀሱት አንዱ በ2012 መጨረሻ ላንሴት ላይ የወጣው የዓለም የበሽታ ጫና ግምት ነው፤ በ2010 በቤት ውስጥ ጭስ የተነሳ 3.5 ሚሊዮን ሰው ሞተ የሚለው ግምት ያለበት። እጅግ ጠቃሚ ሥራ ነው። ግን ብዙ ሰው የጻፈው ነው፣ ትንባሆውም ደም ግፊቱም ምግቡም አብሮ አለበት። ስለ ትንባሆ የሚጽፍ ሰው ሲጠቅሰው የጭስ ተመራማሪው ቁጥር ይጨምራል። በኋላ በወጡት የበሽታ ጫና ጽሑፎች ላይ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተባባሪዎች አሉ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ጭምር። ጥሩ ነው፣ ከአገራችን ሰው መኖሩ ያኮራል። ነገር ግን አንድ ሰንጠረዥ አይቶ አስተያየት የሰጠ እና ሁለት ዓመት ገጠር ለገጠር ዞሮ መረጃ የሰበሰበ ሰው በዚህ ቁጥር ሲወዳደሩ ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው።

በሳንባ ሕክምና ዘርፍ ይሄ በሁሉም በኩል ያጋጥማል። በ2005 የአሜሪካና የአውሮፓ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበራት የስፓይሮሜትሪ፣ ማለትም በትንፋሽ የሳንባን አቅም የሚለካው ምርመራ፣ መመሪያ አወጡ፤ በሽተኛው ትንፋሹን እንዴት ስቦ እንዴት ይንፋ፣ ስንት ጊዜ ይድገም የሚል። ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ምንም አዲስ በሽታ አላገኘም፣ ግን ሁሉም ስለሚጠቀምበት ሁሉም ይጠቅሰዋል። በተቃራኒው በመጋቢት 2020 ከፈረንሳይዋ ማርሴይ የወጣውን፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለኮቪድ ይሠራል ያለውን ጽሑፍ አስታውሱ። 36 ሕመምተኞች ላይ የተመሠረተ ነው። ዓለም ተንጫጫ፣ መድኃኒቱ ከየፋርማሲው ጠፋ። ከሦስት ሺህ ጊዜ በላይ ከተጠቀሰ በኋላ በታኅሣሥ 2024 ተሰረዘ። ከጠቀሱት ውስጥ ለመቃወም የጠቀሱትም አሉ። ቁጥሩ ግን ይሄን አይናገርም።

አሁን ወደ ቤታችን። ሲዳማ ውስጥ በ2010 የተጀመረ የሳንባ ነቀርሳ ሥራ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ የሚያስለውን ሰው ፈልገው አክታውን ይወስዳሉ፣ እዚያው ስላይድ ላይ ቀብተው ያዘጋጃሉ፣ ተቆጣጣሪው በሞተር ሳይክል ወደ ላብራቶሪ ያደርሳል። የተገኘ ሰው መድኃኒቱን እዚያው ሰፈሩ ይወስዳል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚመዘገበው የነቀርሳ ሕመምተኛ ቁጥር በእጥፍ አደገ። በሽታው ስለበዛ አይደለም፣ ተደብቆ የነበረው ስለተገኘ ነው። በተለይ ጤና ጣቢያ ድረስ መሄጃ የሌላቸው ሴቶችና አረጋውያን። በ2013 ታተመ፣ ዶክተር ዳንኤል ዳቲቆ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ናቸው። ጽሑፉ ተጠቅሷል፣ ጥሩ ተጠቅሷል። ግን ማርሴይ ካለው ከተሰረዘው ወረቀት ጋር በጥቅስ አይወዳደርም። እኔ ደግሞ አንዲት አክታ የሰጡ እናት፣ መድኃኒት ጀምረው፣ በስድስት ወራቸው ድነው የልጅ ልጃቸውን ሳይበክሉ መቅረታቸውን የሚቆጥር መዝገብ ቢኖር እመኛለሁ።

ሌላው ቅር የሚለኝ፣ የራሳችን ጆርናሎች ነገር ነው። የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል ከ1962 ጀምሮ ይታተማል። ስልሳ ዓመት አልፎታል። እዚያ ውስጥ ስለ ነቀርሳ፣ ስለ አስም፣ ስለ ሕፃናት የሳንባ ምች የአገራችን ሐኪሞች የጻፉት ብዙ አለ፣ ብዙው ግን የድሮ እትም ስለሆነ በኢንተርኔት ቆጣሪ ዓይን ውስጥ አይገባም። ውጭ ለማሳተም ደግሞ ክፍት የሚባሉት፣ አንባቢ በነፃ የሚያነባቸው ጆርናሎች ከጸሐፊው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ለድሃ አገር ይቀንሳል፣ ሁሉም አይደለም። ዶላሩ ከየት ይመጣል? ገንዘብ ተቀብለው ማንም ሳያነበው የሚያወጡት ጆርናሎች ወጣቱን የሚያጠምዱት እዚህ ክፍተት ላይ ነው። ቁጥር የሚፈልግ ኮሚቴ እና ቁጥር የሚሸጥ ነጋዴ ሲገናኙ መሐል ላይ የሚጎዳው በጨዋነት የሚሠራው ሰው ነው።

ይሄን ችግር ዓለም አላወቀውም አልልም። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሰበሰቡ አዘጋጆችና ተመራማሪዎች፣ ሰውን ባሳተመበት ጆርናል የጥቅስ ቁጥር አትመዝኑ፣ ሥራውን አንብቡ የሚል መግለጫ አወጡ። በሺህ የሚቆጠሩ ተቋማት ፈርመዋል። መፈረም እና ቅጽ መቀየር ግን ለየቅል ናቸው።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። መጀመሪያ ያደረግነው ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር ማውጣት ነበር። ነፃ ነው፣ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። ስም ቢቀያየርም ቁጥሩ አይቀየርም። ይሄን የምታነቡ ወጣት ተመራማሪዎች፣ የመጀመሪያ ጽሑፋችሁን ከመላካችሁ በፊት አውጡት፣ የስማችሁንም አጻጻፍ አንድ አድርጉ፣ «ገ» እና እዝባር ተዉት። አራቱን ፀዎች አንድ አደረግናቸው። የማይመለከቷትን የሌላ ሰው ጽሑፎች አንድ በአንድ እየነቀልን አወጣን፤ እሱም ቢሆን የሰው ድካም ነውና በጥንቃቄ። ስንጨርስ የጥቅሷ ድምር ከመቶ ትንሽ በለጠ።

ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ወረቀት አወጣች። ማኅተም ያለበት፣ ትንሽ የታጠፈ። ጥናቷን ከሠራችበት ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ነው። በእሷ ልኬት መነሻ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ሥልጠና እንደሰጡ፣ አዲስ ማድ ቤት ለሚሠራ ሰውም ከጣሪያው ሥር የጭስ መውጫ እንዲተው ማስተማር እንደጀመሩ ይላል። ሦስት ቀበሌ በስም ተጠቅሷል።

«ይሄንን የት ላድርገው?» አለችኝ።

ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየነው። የጽሑፍ ብዛት የሚል ሳጥን አለ። የጆርናል ደረጃ የሚል አለ። የጥቅስ ብዛት የሚል አለ። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከፊርማው በላይ፣ «ልዩ ልዩ» የሚል አንድ መስመር አገኘን። እዚያ ጻፍነውና ደብዳቤውን ኮፒ አድርገን አያያዝነው።